ማርክ ድሬክፎርድ፦ ከአመክሮ ሠራተኛነት እስከ ዌልስ መንግሥት መሪነት

ማርክ ድሬክፎርድ ከዲሴምበር 2018 እስከ ማርች 2024 የዌልስን መንግሥት የመሩ የሌበር ፓርቲ ፖለቲከኛ ናቸው። ከዚያ በፊት የጤና፣ ቀጥሎም የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፤ ከዚያም ቀደም ሲል ለአሥር ዓመት ያህል የመንግሥቱ መሪ የቅርብ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ዌልስ የራሷን አስተዳደር ካቋቋመች ወዲህ ከተወሰኑት ታላላቅ ውሳኔዎች በብዙዎቹ ላይ፣ በጓዳም ይሁን በአደባባይ፣ የእኚህ ሰው እጅ አለበት። በመሪነት ዘመናቸው ማብቂያ ላይ ግን በትራክተር የመጡ ገበሬዎችና በመኪና የሚመላለሱ የከተማ ነዋሪዎች በጥቂት ወራት ልዩነት ተነሥተውባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዌልስ አስተዳደር እና ሥልጣኑ

ዌልስ ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ ከ3 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ናት። በልማድ “እንግሊዝ” እያልን የምንጠራው መንግሥት በትክክለኛ ስሙ ዩናይትድ ኪንግደም ሲሆን፣ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ እና ሰሜን አየርላንድ በአንድነት የመሠረቱት ነው። ዌልስ የራሷ ጥንታዊ ቋንቋ አላት። ምድሯ በአብዛኛው ተራራና ኮረብታ በመሆኑ ከእርሻ ይልቅ ለግጦሽ ይስማማል፤ በጎቿ 9 ሚሊዮን ያህል ስለሆኑ በቁጥር ከሰዉ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናሉ።

በ1997 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የዌልስ ሕዝብ የራሱ ምክር ቤት እንዲኖረው የወሰነው በጠባብ ልዩነት ነበር፤ የደጋፊዎቹ ድምፅ 50.3 በመቶ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነትም 6,721 ድምፅ ብቻ ነበር። ምክር ቤቱ በ1999 ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሥልጣኑ ውስን ነበር፤ በ2011 በተካሄደ ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ግን በተሰጡት የሥራ ዘርፎች ሙሉ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አገኘ። ከ2020 ጀምሮ ምክር ቤቱ በዌልስ ቋንቋ ስሙ “ሴኔድ” ተብሎ ይጠራል።

ጤና፣ ትምህርት፣ ግብርና፣ የውስጥ መንገዶች፣ የቤቶች ጉዳይ እና የአካባቢ ጥበቃ በካርዲፍ ከተማ በሚገኘው የዌልስ መንግሥት እጅ ናቸው። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት እና አብዛኛው ግብር ግን በለንደኑ መንግሥት እጅ ቀርተዋል። የዌልስ መንግሥት መሪ “ቀዳሚ ሚኒስትር” ይባላል እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትር አይባልም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚለው ስም ለለንደኑ መሪ የተጠበቀ ነው። የዌልስ መንግሥት ከሚያወጣው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ከለንደን በድጎማ የሚመጣ መሆኑ ከዚህ በታች የሚወሱትን ነገሮች ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ከካርማርዘን እስከ ምክር ቤት

ድሬክፎርድ በሴፕቴምበር 1954 በምዕራብ ዌልስ በምትገኘው በካርማርዘን ተወለዱ። አካባቢው የዌልስ ቋንቋ በሰፊው የሚነገርበት፣ የወተት ላምና የበግ እርባታ የገነነበት ምድር ነው። በኬንት ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት የላቲን ቋንቋ ነበር፤ ከዚያ በኤክሴተር ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ተማሩ። በ1979 ወደ ካርዲፍ መጥተው በአመክሮ ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ሥራቸው ፍርድ ቤት ከእስር ይልቅ በክትትል ያሰናበታቸውን ወጣቶች መከታተልና መምከር ነበር። በኋላም ባርናርዶስ በተባለው የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ ድህነት በጸናበት ኢሊ በተባለ የካርዲፍ ሠፈር አንድ ፕሮጀክት መርተዋል። ቀጥለው ወደ ማስተማር ገቡ፤ በስዋንዚ፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በማኅበራዊ ፖሊሲ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ደረሱ።

ፖለቲካን የጀመሩት ከታች ነው። ከ1985 እስከ 1993 ፖንትካና የተባለውን የካርዲፍ ቀበሌ ወክለው በደቡብ ግላሞርጋን አውራጃ ምክር ቤት አገልግለዋል። በ1999 በመጀመሪያው የዌልስ ምክር ቤት ምርጫ በማዕከላዊ ካርዲፍ ተወዳድረው በሊበራል ዴሞክራቷ በጄኒ ራንደርሰን ተሸነፉ። ሽንፈቱ ግን ከምክር ቤት ወንበር የሚበልጥ በር ከፈተላቸው ማለት ይቻላል። በ2000 ሮድሪ ሞርጋን የዌልስ መሪ ሲሆኑ ድሬክፎርድን በጤናና በማኅበራዊ ጉዳይ አማካሪያቸው አድርገው ወሰዷቸው፤ በኋላም የመሪው የፖለቲካ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኑ።

በእነዚያ ዓመታት የዌልስ መንግሥት ዕድሜያቸው 60 ለሞላ ሰዎች የአውቶቡስ ጉዞን በነፃ አደረገ፤ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነፃ ቁርስ ጀመረ፤ ከኤፕሪል 2007 አንሥቶም በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ወሰነ። እንግሊዝ ውስጥ መድኃኒቱ እስከ ዛሬ በክፍያ ነው። ሞርጋን በ2002 በስዋንዚ ባደረጉት ንግግር በለንደኑ የቶኒ ብሌር መንግሥትና በዌልስ መካከል “የጠራ ቀይ ውኃ” እንዳለ የሚገልጽ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ቀይ የሌበር ፓርቲ ቀለም ነው። በትምህርትና በጤና አገልግሎት ገበያንና ፉክክርን ማስገባት የለንደኑ መንገድ ሲሆን፣ ዌልስ ግን ለሁሉም እኩል በሚሰጥ አገልግሎት ትጸናለች ማለት ነው። የንግግሩ ረቂቅ የድሬክፎርድ እጅ ሥራ ነበር። የሚገርመው፣ ሞርጋን በዕለቱ ጊዜ አጥሯቸው ያችን ሐረግ ዘለዋት ነበር፤ ይሁንና በጽሑፍ በመሠራጨቷ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ በላይ እርሷ ስትጠቀስ ትኖራለች።

ሞርጋን ከምክር ቤት ሲሰናበቱ ድሬክፎርድ በእርሳቸው ቦታ በምዕራብ ካርዲፍ ተወዳድረው በ2011 ተመረጡ። ያኔ ዕድሜያቸው 56 ነበር።

የጤና ሚኒስትርነት

በማርች 2013 ድሬክፎርድ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጊዜው ለንደን በጀት እየቀነሰች የነበረበት፣ የዌልስ ሆስፒታሎችም የወረፋ ርዝመት ያስጨነቃቸው ነበር። በ2014 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን፣ እንግሊዝንና ዌልስን የሚለየው ኦፋ ዳይክ የተባለ ጥንታዊ የአፈር ካብ የሕይወትና የሞት ድንበር እስኪመስል ደርሷል ሲሉ የዌልስን የጤና አገልግሎት ነቀፉ። ንግግሩ በዌልስ ቁጣን ቀሰቀሰ። ሆኖም ችግሩ ሐሰት አልነበረም፤ በ2015 ድሬክፎርድ ራሳቸው በሰሜን ዌልስ የሚገኘውን ቤትሲ ካድዋላድር የተባለ የጤና ቦርድ በልዩ ቁጥጥር ሥር ለማድረግ ተገደዱ። የዌልስ የጤና ወረፋ ከዚያም በኋላ የድሬክፎርድን ስም ሳይለቅ የኖረ ወቀሳ ነው።

በዚሁ ዘመን ከተሠሩት ውስጥ የአካል ክፍል ልገሳ ሕጉ ጎልቶ ይታያል። በ2013 የጸደቀውና በዲሴምበር 1 ቀን 2015 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ፣ በሕይወት ሳለ “አልፈልግም” ብሎ ያላስመዘገበ አዋቂ ሰው ከሞተ በኋላ አካሉን ለመለገስ እንደ ፈቀደ እንዲቆጠር ያዝዛል፤ ቤተሰቡም ይጠየቃል። ከዩናይትድ ኪንግደም አገሮች ይህን ለመደንገግ ዌልስ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በኋላ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ በየተራ ተከትለዋል።

ያልተሳካላቸውም አለ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች የሚገድብ አንቀጽ የያዘ የሕዝብ ጤና ረቂቅ ሕግ በ2016 የምክር ቤቱ ዘመን ሊያበቃ ሰዓታት ሲቀሩት ወደቀ። ምክንያቱ የትንባሆ ክርክር አልነበረም። ረቂቁን ለማሳለፍ የፕላይድ ከምሪ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ፓርቲ ለዌልስ ነፃነት የሚታገል ነው። በዚያው ቀን ሌላ የሌበር ሚኒስትር ፕላይድን በርካሽ የምትገኝ ወዳጅ አድርገው በመዝለፋቸው ፓርቲው ድጋፉን ነፈገ። ለዓመታት የተለፋበት ሕግ በአንድ ቀልድ ተቀበረ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ዳግም ሲቀርብ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራው አንቀጽ አልነበረበትም።

የ2016 ምርጫ ለራሳቸውም ቀላል አልሆነም፤ ወንበራቸውን ያስጠበቁት ከ1,200 በማይበልጥ የድምፅ ልዩነት ነው።

ገንዘብ እና ግብር

ከምርጫው በኋላ የገንዘብና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር ሆኑ። የዚህ ሥራ ውጤት ብዙ ዜና ባይሆንም፣ ከሠሯቸው ሁሉ ዘላቂው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከለንደን የሚመጣው ድጎማ የሚሰላው “የባርኔት ቀመር” በሚባል ስሌት ነው፤ እንግሊዝ ለአንድ አገልግሎት ወጪዋን ስትጨምር ዌልስ በሕዝቧ ቁጥር ልክ ትርፉን ታገኛለች። ችግሩ፣ የዌልስ ሕዝብ በአማካይ በዕድሜ የገፋ፣ በገቢም ዝቅ ያለ በመሆኑ በነፍስ ወከፍ የበለጠ ያስፈልገዋል። በዲሴምበር 2016 ድሬክፎርድና የብሪታንያው የግምጃ ቤት ሚኒስትር ዴቪድ ጎክ በፈረሙት ስምምነት፣ የዌልስ ጭማሪ መጀመሪያ በ105 በመቶ፣ በኋላም በ115 በመቶ እንዲባዛ ተወሰነ። ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ 115 ፓውንድ እንደ ማለት ነው። ዌልስ ለዓመታት ስትጠይቅ የኖረችው የፍላጎት መለኪያ በዚህ መንገድ ወደ ቀመሩ ገባ።

በኤፕሪል 2018 ደግሞ ዌልስ ከ800 ዓመት ገደማ በኋላ የራሷን ግብር መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዱ በመሬትና በቤት ሽያጭ ላይ፣ ሌላው ወደ መሬት በሚቀበር ቆሻሻ ላይ የሚከፈል ነው። በቀጣዩ ዓመት ከገቢ ግብር ላይም ድርሻ ተሰጣት፤ ይሁን እንጂ የዌልስ መንግሥት የገቢ ግብሩን መጠን ከእንግሊዝ የተለየ ሳያደርገው ቆይቷል። ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ ዩናይትድ ኪንግደም ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት ጉዳይም በእርሳቸው ሥር ነበር።

በፓርቲው ውስጥ ድሬክፎርድ የግራው ክንፍ ሰው ናቸው። በ2015 ጄረሚ ኮርቢን የሌበር መሪ ለመሆን ሲወዳደሩ ከዌልስ ሚኒስትሮች መካከል በይፋ የደገፏቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ካርዊን ጆንስ በ2018 ከመሪነት እንደሚለቁ ሲያስታውቁ፣ ድሬክፎርድ ቮን ጌቲንግንና ኤሉነድ ሞርጋንን አሸንፈው በዲሴምበር የፓርቲውና የመንግሥቱ መሪ ሆኑ። የተሸነፉት ሁለቱም በኋላ በየተራቸው ወደዚያው ወንበር ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔያቸው በጁን 2019 መጣ። በኒውፖርት ከተማ ዙሪያ ያለውን የአውራ ጎዳና መጨናነቅ ለማቃለል ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የሚጠይቅ አዲስ መንገድ ታቅዶ ነበር። የሕዝብ ምርመራውን የመሩት ባለሙያ መንገዱ እንዲሠራ መክረዋል፤ የንግዱ ማኅበረሰብም አጥብቆ ይፈልገው ነበር። ድሬክፎርድ ወጪውን፣ እንዲሁም መንገዱ በግዌንት ረግረጋማ ምድር በብርቅ እንስሳትና ዕፀዋት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጠቅሰው ሠረዙት። መጨናነቁ ግን አልተሠረዘም።

የወረርሽኙ ጊዜ

ከዌልስ ውጭ ድሬክፎርድን ያስተዋወቃቸው ኮሮና ነው። የብሪታንያ መንግሥት እንቅስቃሴን ለመገደብ በዋናነት የተጠቀመው በ1984 የወጣውን የሕዝብ ጤና ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት በዌልስ ምድር የመወሰን ሥልጣን የዌልስ ሚኒስትሮች ነው። ብዙ ሰው፣ የለንደን ጋዜጠኞችም ጭምር፣ በአንድ ደሴት ላይ የተለያየ ሕግ የሚያወጡ መንግሥታት እንዳሉ የተረዳው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ድሬክፎርድ ከቦሪስ ጆንሰን ይልቅ ጠበቅ ያለውን መንገድ መረጡ። በ2020 በጋ እንግሊዝ እንቅስቃሴን ስታላላ ዌልስ ሰዎች ከቤታቸው ከ5 ማይል፣ ማለትም ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም እንዳይርቁ መከረች። ለከተማ ሰው ይህ በቂ ነው፤ ለገጠሩ ግን የቅርቡ ሱቅ እንኳ ከዚያ ሊርቅ ይችላል፤ ቅሬታውም ከዚያው ወገን ተሰማ። ከኦክቶበር 23 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2020 ደግሞ አገሪቱ በጠቅላላ ተዘጋች። በእነዚያ 17 ቀናት ትልልቅ መደብሮች አስፈላጊ ያልሆነ ዕቃ እንዳይሸጡ በመከልከላቸው በልብስና በዕቃ መደርደሪያዎች ላይ መጋረጃ ተጋርዶ ታየ። ትንንሽ ሱቆች ተዘግተው ሳሉ ትልልቆቹ ብቻቸውን ሊሸጡ አይገባም የሚለው ሐሳብ ፍትሐዊ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን መንግሥቱን መሳቂያ አደረገው።

በጃንዋሪ 2021 ክትባቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሚያልቅና ከታቢዎቹ ሥራ ፈትተው ከሚቆሙ ቀስ በቀስ ይሰጣል ማለታቸው ከባድ ወቀሳ አመጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዌልስ በክትባት ሥርጭት ከዩናይትድ ኪንግደም ቀዳሚ ነበረች። ድሬክፎርድ ባለቤታቸውንና አማታቸውን ከበሽታው ለመጠበቅ በጓሮው ባለች ትንሽ ቤት ለብቻቸው እየኖሩ ይሠሩ ነበር። በሌላ በኩል፣ ለዌልስ ብቻ የሚሆን የምርመራ ኮሚሽን እንዲቋቋም ሟች ቤተሰቦች ያቀረቡትን ጥያቄ አለመቀበላቸው እስካሁን ያላበቃ ቅሬታ አትርፎባቸዋል፤ የተመረመሩት በመላው ዩናይትድ ኪንግደም ኮሚሽን ሲሆን፣ በማርች 2024 ካርዲፍ ላይ ቃላቸውን ሰጥተዋል።

በሜይ 2021 ምርጫ ሌበር ከ60 ወንበሮች 30ውን አገኘ፤ ይህም ፓርቲው ከዚያ ቀደም ካገኘው ከፍተኛ ውጤት ጋር እኩል ነው። ዕድሜያቸው 16 የሞላ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበት በዚህ ምርጫ ድሬክፎርድ በራሳቸው ወንበር ያሸነፉት ከ10,000 በሚበልጥ ልዩነት ነው። ግማሽ ወንበር ግን አብላጫ አይደለም፤ በመሆኑም በዲሴምበር 2021 ከፕላይድ ከምሪ ጋር የሦስት ዓመት የትብብር ስምምነት ተፈረመ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ ነፃ ምሳ፣ በሁለተኛ መኖሪያ ቤቶች ላይ ማዘጋጃ ቤቶች እስከ 300 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ግብር እንዲጥሉ መፍቀድ፣ እንዲሁም የምክር ቤቱን አባላት ከ60 ወደ 96 ማሳደግ የዚህ ስምምነት ፍሬዎች ናቸው። የሁለተኛ ቤት ግብር መነሻው፣ የእንግሊዝ ባለጸጎች በባሕር ዳር መንደሮች የመዝናኛ ቤት እየገዙ ዋጋውን በማናራቸው የአገሬው ወጣቶች፣ ከእነርሱም ጋር የዌልስ ቋንቋ፣ ከመንደሩ እየተሰደዱ መሆኑ ነበር። ከስምምነቱ ውጭ፣ በ2022 በመንግሥት እንክብካቤ አድገው 18 ዓመት ለሞላቸው ወጣቶች ለሁለት ዓመት በወር 1,600 ፓውንድ የሚከፈልበት ሙከራ ተጀመረ።

በሰዓት 20 ማይል

በሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 በዌልስ ከተሞችና መንደሮች ውስጥ ባሉ መንገዶች መደበኛው የፍጥነት ወሰን ከ30 ወደ 20 ማይል፣ ማለትም ከ48 ወደ 32 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወረደ። የሐሳቡ መሠረት ቀላል ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ሕፃንን ሲገጭ የመግደል ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ምክር ቤቱ በ2022 በሰፊ አብላጫ አጽድቆታል፤ ያኔ ብዙም ሰው ልብ አላለውም። የመንገድ ምልክቶቹ ሲተከሉ ግን ሕጉ እንዲሻር የሚጠይቅ አቤቱታ ከ460,000 በላይ ፊርማ ሰበሰበ፤ በሴኔድ ታሪክ ትልቁ ነው።

ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ለመፍጠን የቸኮሉ አልነበሩም። የአውቶቡስ ጉዞ ረዘመ፤ ሰው የማይሻገርባቸው ሰፋፊ መንገዶችም በዝግታው ውስጥ ገቡ። የትኛው መንገድ ከሕጉ ውጭ ይሁን የሚለውን እንዲወስኑ ለማዘጋጃ ቤቶች የተሰጣቸው መመሪያ በየቦታው በተለያየ መንገድ ተተረጎመ። በ2024 አዲሱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ኬን ስኬትስ አንዳንድ መንገዶች ወደ 30 ማይል እንዲመለሱ በር ከፈቱ። በሌላ በኩል፣ ፖሊስ ያሰባሰበው መረጃ በእነዚህ መንገዶች የተጎጂዎች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል።

ገበሬዎቹ

ከሁሉ የከረረው ጠብ ከገበሬው ጋር የተነሣው ነው። ጠቡ በአንድ ቀን አልመጣም። በኤፕሪል 2021 በወንዞች ብክለት የተነሣ አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር። ከላሞች በረት የሚጠራቀም ፈሳሽ ፍግ ከማሳ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ዓሣ ይገድላል። ደንቡ በአንድ ሄክታር በዓመት ከከብት ፍግ የሚገኘው ናይትሮጅን ከ170 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ፍግ የሚረጭበትን ወቅት ገደበ፤ ገበሬው ማጠራቀሚያ እንዲሠራም አስገደደ። ወንዙ በተበከለበት ብቻ ሳይሆን በመላው ዌልስ መታወጁ፣ አንድም ጥፋት ያልተገኘበትን ገበሬ ከአጥፊው እኩል አስከፈለው። በከብት ሳንባ ነቀርሳ የተያዙ ከብቶች በየበረቱ መታረዳቸውም በዚያ ላይ የቆየ ቁስል ነበር።

ከዚያ የድጎማው ጉዳይ መጣ። ብሪታንያ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሳለች የዌልስ ገበሬ ከኅብረቱ በያዘው መሬት ስፋት ልክ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈለው ነበር። በኮረብታ ላይ በግ ለሚያረባ ቤተሰብ ይህ ክፍያ ትርፍ ሳይሆን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ከኅብረቱ ከተወጣ በኋላ የዌልስ መንግሥት “ዘላቂ የእርሻ መርሐ ግብር” የሚባል አዲስ ሥርዓት አዘጋጀ። የሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለው ለሕዝብ ጥቅም፣ ለንጹሕ ውኃ፣ ለአፈር ጥበቃ፣ ለዱር እንስሳት መጠለያ ነው የሚል ነው መሠረቱ። በረቂቁ መሠረት ወደ መርሐ ግብሩ የሚገባ ገበሬ ከእርሻው 10 በመቶውን በዛፍ፣ ሌላ 10 በመቶ ደግሞ ለዱር ሕይወት መኖሪያ ማድረግ ነበረበት። ቀድሞ የነበረ ዛፍ ይቆጠራል፤ ዛፍ ለማይበቅልበት ምድርና ለኪራይ መሬት ልዩ ሁኔታ ነበር። ይሁን እንጂ 100 ሄክታር ያለው ሰው፣ ዛፍ ከሌለው፣ 10 ሄክታር ግጦሹን ለደን ይልቀቅ ማለት ነው።

እሳቱን ያቀጣጠለው መንግሥት ራሱ ያስጠናው ጥናት ሆነ። መርሐ ግብሩ ቀደም ባለው መልኩ ቢተገበር በእርሻ ላይ ከ5,000 በላይ ሥራ ሊጠፋ፣ የከብቱም ቁጥር በብዙ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳይ ነበር። ባለሥልጣናቱ ስሌቱ አሁን ያለውን ረቂቅ አይመለከትም ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2024 በዌልሽፑል፣ ቀጥሎም ድሬክፎርድ በተወለዱባት በካርማርዘን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተሰበሰቡ።

ድሬክፎርድ በሰጡት ምላሽ፣ የዌልስ ገበሬዎች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጥተዋል፤ የቀድሞው ድጎማ የቀረውም በዚያ ነው አሉ። ግብር ከፋዩ ገንዘብ እያወጣ ገበሬው እንደ ወደደ ብቻ ሊያደርግበት እንደማይችልም አከሉ። የነገሩ ሎጂክ የሚያስኬድ ነው፤ በተለይ ሁለተኛው። ነገር ግን ልጁ እርሻውን ይረከበው እንደ ሆነ ሌሊት የሚያሰላ ሰው የሚሰማው ሎጂኩን ሳይሆን ድምፁን ነው፤ ንግግሩም ገበሬውን እንደ ተግሣጽ ነካው። በፌብሩዋሪ 28 ቀን ከመላው ዌልስ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሴኔድን አደባባይ ሞሉት። ከሳምንት በኋላ 5,500 ጥንድ ቦት ጫማ በምክር ቤቱ ደረጃዎች ላይ ተደረደረ፤ እያንዳንዱ ጥንድ ይጠፋል የተባለ አንድ ሥራ ነበር።

በሜይ 2024 አዲሱ የገጠር ጉዳይ ሚኒስትር ሂው ኢራንካ ዴቪስ መርሐ ግብሩን ወደ 2026 አራዘሙ። በኋላ በወጣው የተሻሻለ እትም በየእርሻው ላይ የተጣለው የ10 በመቶ የዛፍ ግዴታ ቀረ፤ የዱር ሕይወት መኖሪያው 10 በመቶ ግን ጸንቷል። ዛፉ ከእያንዳንዱ ገበሬ ግዴታነት ወጥቶ የመርሐ ግብሩ የጋራ ግብ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ድሬክፎርድ ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ ነው።

ከመሪነት በኋላ

ድሬክፎርድ በመሪነት አምስት ዓመት ገደማ ብቻ እንደሚቆዩ ቀደም ብለው ተናግረው ነበር። በጃንዋሪ 2023 ባለቤታቸው በድንገት አረፉ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 13 ቀን ከፓርቲው መሪነት እንደሚለቁ አስታወቁ፤ በማርች 2024 ሥልጣኑን ለቮን ጌቲንግ አስረከቡ። ጌቲንግ ግን ለምርጫ ዘመቻቸው የተቀበሉት ገንዘብ ባስነሣው ውዝግብ በጥቂት ወራት ውስጥ ለመልቀቅ ተገደዱ፤ በኦገስት 2024 ኤሉነድ ሞርጋን ተተኩ።

አዲሷ መሪ ድሬክፎርድን ከኋላ ወንበር ጠርተው መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት በጤና፣ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ በገንዘብና በዌልስ ቋንቋ ሚኒስትርነት ሾሟቸው። መንግሥት የመራ ሰው በቀድሞ ሹሙ ሥር ተመልሶ ሲሠራ ማየት በየትም አገር ብርቅ ነው። ሥራውም ቀላል አልነበረም፤ ሌበር አብላጫ ስላልነበረው በማርች 2025 በጀቱ ያለፈው ብቸኛዋ የሊበራል ዴሞክራት አባል ጄን ዶድስ ድምፀ ተአቅቦ በማድረጋቸው ነው። በምላሹ ተጨማሪ ወጪዎች፣ ለወጣቶች የአንድ ፓውንድ የአውቶቡስ ዋጋ እና የውሻ እሽቅድምድምን የሚከለክል ሕግ ቃል ተገብቷል።

በዚያው ዓመት በእርሳቸው አቅራቢነት ምክር ቤቱ የጎብኚዎች ግብር ሕግን አጸደቀ። ፈቃደኛ የሆነ ማዘጋጃ ቤት በሆቴል ከሚያድር እንግዳ በአዳር 1.30 ፓውንድ፣ በድንኳን ሠፈርና በመሰል ማረፊያዎች ከሚያድር ደግሞ 75 ሳንቲም እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። በኮረብታው እርሻ ላይ ድንኳን የሚያከራዩ ገበሬዎች ይህንንም ተቃውመውታል፤ ጎብኚ የሚያጥለቀልቃቸው ከተሞች ለመንገድና ለጽዳት የሚሆን ገቢ ያገኛሉ የሚለው ደግሞ የሚኒስትሩ መከራከሪያ ነበር።

በ2026ቱ የሴኔድ ምርጫ እንደማይወዳደሩ ድሬክፎርድ አስቀድመው አስታውቀዋል። ከፖለቲካ ውጭ ክላርኔት ይጫወታሉ፤ ክሪኬት ይወዳሉ፤ ካርዲፍ ውስጥ አትክልት የሚያለሙባት ትንሽ ቁራጭ መሬትም አለቻቸው።